አሮጌ ፒክአፕ ለምታድሱ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች

ልጆቼ፣

አሮጌ ፒክአፕ ገዝታችሁ በትርፍ ጊዜያችሁ ለማደስ የምትሞክሩ ልጆች እየበዛችሁ ነው። በጣም ደስ ይለኛል። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ ነው። የአሰብ መንገድ ክፍት በነበረበት ዘመን፣ እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ ማለት ነው፣ ከወደብ የሚመጣው ከባድ መኪና በሚሌና በባቲ አድርጎ ወደኛ ይወጣ ነበር። ከአፋር ሙቀት ወጥቶ ዳገቱን ሲያያዘው ነው የመኪናው በሽታ ሁሉ የሚወጣው። የምነግራችሁን ያስተማረኝ ያ መንገድ ነው።

ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህችን ያዙልኝ፦ ሥራውን ከፍሬን ጀምሩ። ብዙዎቻችሁ በቀለም ትጀምራላችሁ። ይገባኛል፤ ዓይን የሚገባው እሱ ነው፣ ፎቶ ላይም ያምራል። ግን የምትነዱበትን መንገድ አስቡት። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። በመካከላቸው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው ያለው፣ እሱም ጠመዝማዛ። ሜዳ አገር በደከመ ፍሬን እየተንፏቀቁ መኖር ይቻል ይሆናል። እኛ አገር አይቻልም።

የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም። ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን 140 አካባቢ ሊፈላ ይችላል። ቁልቁለቱን ፍሬን እየረገጣችሁ ስትወርዱ ሙቀቱ ዘይቱ ድረስ ይዘልቃል። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል። ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ መኪናው ግን አይዝም። ክፋቱ፣ ሲቀዘቅዝ ፍሬኑ ተመልሶ ይመጣል። ባለመኪናውም «አሁን ደህና ነው» ብሎ ይተወዋል። እባካችሁ እንዲህ ያለውን መኪና አትመኑት።

ስለዚህ አራቱንም ጎማ ፍቱ። ታምቡሩን፣ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ክብ ብረት፣ አውጡ። ታምቡሩን ከውስጥ እየተጫነ የሚይዘውን ሸራ ከማየታችሁ በፊት ሸራውን የምትገፋውን ትንሿን ሲሊንደር ፈልጉና ጫፏ ላይ ያለውን የአቧራ መከላከያ ጎማ በጣታችሁ ገለጥ አድርጉት። ደረቅ ከሆነ ጥሩ ነው። ከሥሩ እርጥብ ከሆነ ጎሚኒው፣ ውስጥ ሆኖ ዘይቱን የሚያግደው ጎማ፣ አልቋል፣ ዘይት እያፈሰሰ ነው። ሲሊንደሯን ስትፈቱ ውስጧን በጥፍራችሁ ዳስሱት። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ ጎሚኒ መቀየር ብቻውን አያድናትም፤ ሲሊንደሯ ራሷ ትቀየር። የወጣው ዘይት ቡና ከመሰለ እስከ መጨረሻው አጥባችሁ በአዲስ ተኩት። ከዚያ በኋላም በየሁለት ዓመቱ ቀይሩት። የጎማ ቱቦዎቹንም ሳትሰስቱ በአዲስ ቀይሩ።

ታምቡሩ ውስጥ ያለውን ብናኝ በኮምፕሬሰር አትንፉት። የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ አለበት፤ ሳንባ ይጎዳል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። እኛ ይህንን የሚነግረን አልነበረም፣ እናንተ ግን ይኸው ሰማችሁ። ደግሞ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም ሰው አይግባ። ጠንካራ የብረት ማቆሚያ ከሻንሲው፣ መኪናውን ከሥር ከተሸከመው ወፍራም ብረት፣ ሥር አስገቡ። እዚህ ላይ ድርድር የለም።

ከፍሬን ቀጥሎ ሻንሲ ነው። እንዲያውም ሻንሲውን ሳትገዙ በፊት ብታዩት ይሻላል። ትንሽ መዶሻ ያዙና ከኋላ ጀምራችሁ እየመታችሁ ሂዱ፤ በተለይ ባሌስትራው፣ ጭነቱን የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት፣ የሚታሰርበትን ቦታና ከኋላ አክሱ በላይ ያለውን። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የበሰበሰው ድምፁ ይታፈናል፣ ቅርፊቱም ይረግፋል። በላሜራ ላይ ያለ ዝገት ተቆርጦ ይለጠፋል። የሻንሲ ብየዳ ግን የጀማሪ ሥራ አይደለም፤ ለልምድ ያለው በያጅ ስጡት። አጠገቡ ቆማችሁ እዩ፣ ጠይቁ። መማርም አንድ ነገር ነው። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ደግሞ ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። ካልገጠመ፣ መኪናው የቱንም ያህል ቢያምር ጥላችሁ ሂዱ። ቀለሙም ሊብሬው ላይ ስለሚጻፍ፣ ለመቀየር ካሰባችሁ ቀድማችሁ ትራንስፖርት ቢሮ ጠይቁ።

ሞተር ላይ ስትደርሱ አትደንግጡ። አብሽሩ! ብዙ ጊዜ ያልታመመ ሞተር ነው ተፈትቶ የሚበላሸው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደሴ ላይ በባሕር ጠረፍ ከሚያገኘው አየር ሩብ ያህሉን ያጣል። ኮምቦልቻ ላይ ደህና የነበረ የናፍጣ መኪና ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ሲደርስ ጥቁር ጭስ ቢያወጣ፣ ወዲያው የናፍጣ ፖምፓውን አታውርዱ። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን ቀይሩ። ካርቡራተር፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ፣ ያለው የቤንዚን ሞተርም እንደዚያው ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ጥላሸት ይለብሳል። ካንዴላ ደጋግሞ መግዛት መፍትሔ አይሆንም። ካርቡራተሩ ለምትውሉበት ከፍታ ይስተካከል።

ሌላም አለ። ደሴ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ራዲያተሩ እዚያ ሙቀት ላይ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ ነው፤ ግፊት ይዞ ያቆየዋል። ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ግፊቱን ይለቀዋል፣ መኪናውም ዳገት ላይ ውሃ ይተፋል። ሰው ግን ወዲያው «የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል» ይላል፤ ከሞተሩ ራስ ሥር ያለው ማሸጊያ ማለቱ ነው። ያ ብዙ ብር ነው። ክዳን ግን ርካሽ ነው፣ ከእሱ ጀምሩ። ትኩስ ራዲያተር ግን በፍጹም አትክፈቱ።

ምን ልግዛ ለምትሉ፣ የእኔ ምርጫ ሃይሉክስ ነው። ቶዮታ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሠራው ኖሯል። መለዋወጫው በቀላሉ ይገኛል፣ የሚያውቀውም መካኒክ ብዙ ነው። ለጀማሪ ከዚህ የበለጠ ነገር የለም። እንደ አጋጣሚ የተገኘ፣ ስሙን የሚያውቀው የሌለ መኪና ግን ግቢ ውስጥ ቆሞ ይቀራል።

ሁሉንም ባንድ ጊዜ አትፍቱ። አንዱን ክፍል ፍቱ፣ ጠግኑ፣ ግጠሙ፣ ከዚያ ወደ ሌላው እለፉ። ብሎኑንና ዳዶውን በየጣሳው ለይታችሁ ስም ጻፉበት። ከመፍታታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። መኪናው ቆሞ በቆየ ቁጥር ልብ ይቀዘቅዛል፤ እየሠራ ከታደሰ ግን እናንተም አትሰለቹም።

የፍሬኑ ሥራ ሲያልቅ መጀመሪያ ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ቀስ ብላችሁ ሞክሩት። ከዚያ ሳትጭኑ ወደ ደሴ ውጡ፤ ዳገቱ ራዲያተሩን ይፈትንላችኋል። ስትመለሱ በከባድ ማርሽ ውረዱ፣ ሞተሩ ራሱ ይያዝላችሁ። ታች እንደደረሳችሁ ጥግ ይዛችሁ አቁሙና እጃችሁን ሳታስነኩ ወደ እያንዳንዱ ጎማ አስጠጉ። ቀኙን ከግራው ጋር አወዳድሩ። አንዱ በጣም ከጋለ ሸራው አልለቀቀም። አንዱ ከጎን ጓደኛው ቀዝቅዞ ካገኛችሁት ደግሞ ያ ጎማ እየያዘ አይደለም፤ በነጋታው መጀመሪያ የምትፈቱት እሱን ነው።