እትዬ በአውራ ጣቷ ፈርማለች፤ ድርሻዋ ቀረ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። አባታችን ካረፉ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው። እናታችን ቀደም ብላ ነው ያረፈችው። አራት ልጆች ነን፤ ሁለት ወንድ፣ ሁለት ሴት። ታላቅ እህታችንን እትዬ ነው የምንላት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ አትሰማም። ትምህርት ቤት አልገባችም። ከእኛ ጋር በእጇ ነው የምትግባባው። ኑዛዜ የለም። ወንድሞቼ "እሷ ምን ታውቃለች፣ እኛ እንጦራታለን" ብለው፣ ከአባታችን ቤት ያላትን ድርሻ በስጦታ እንደሰጠቻቸው የሚል ወረቀት አጽፈው በአውራ ጣቷ አስፈረሟት። ሁለት ጎረቤቶች ምስክር ሆነው ፈርመዋል። ምን እንደሆነ አልገባትም ነበር። በኋላ እኔ ሳስረዳት ቤቱን እያሳየች፣ ደረቷን እየመታች አለቀሰች። አሁን ደግሞ ታላቁ ወንድሜ ፍርድ ቤት ሄዶ ሞግዚቷ ልሁን ሊል ነው። እውነት ሕጉ ይፈቅድላቸዋል? ፍርድ ቤት ብንሄድስ ማን ይሰማታል? ሌላም ልጨምር፦ በቅርቡ ፒያሳ አካባቢ አንድ ሆቴል ለልብስ አጣቢነት ብትሄድ "መስማት የማትችል አንቀጥርም" ብለው መለሷት። ይህስ ልክ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድምልዎ። የእትዬ ድርሻ አልቀረም። ወረቀቱ እንደሚያስፈራው ያህል ጉልበት የለውም። ሞግዚትነቱም ወንድምዎ እንዳሰቡት በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። ግን መፍጠን አለባችሁ።

ከውርሱ ልጀምር። ኑዛዜ ከሌለ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 842 መሠረት የሟች ልጆች እኩል ይወርሳሉ። አራት ናችሁ፤ የእያንዳንዳችሁ ድርሻ አንድ አራተኛ ነው። ሕጉ የሚሰማ ልጅና የማይሰማ ልጅ ብሎ አይለይም። እህትን መጦር ደግ ነገር ነው። ለመጦር ግን ድርሻዋን መውሰድ አያስፈልግም።

"እሷ ምን ታውቃለች" የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ። ይህን አባባል በብዙ ቤት ሰምቻለሁ። ብዙ ጊዜ በክፋት የሚባል አይደለም፤ ለዚህም ነው የሚያሳዝነኝ። ሕጉ ግን የሚነሳው ከተቃራኒው ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 192፣ ማንኛውም ሰው ሕግ ችሎታ የለውም ካላለው በቀር የሕግ ሥራዎችን ሁሉ ለመፈጸም ችሎታ እንዳለው ይደነግጋል። ቁጥር 196 ደግሞ ችሎታ መኖሩ ይገመታል፣ የለም የሚል ያስረዳ ይላል። ስለዚህ እትዬ ማወቋን የማስረዳት ግዴታ የለባትም። ማስረጃ ይዘው መቅረብ ያለባቸው አታውቅም የሚሉት ናቸው።

ወንድሞችዎ ጠበቃ ካነጋገሩ ምናልባት ቁጥር 340ን ይጠቅሱ ይሆናል። መስማትና መናገር ስለማይችሉ ሰዎች ለይቶ የሚያነሳው እሱ ነው። የተጻፈበት ቃል የዚያ ዘመን ቃል ነው፤ ዛሬ ሰው ፊት አንናገረውም። ሐሳቡ ግን ይህ ነው፦ እንዲህ ያሉ ሰዎች ራሳቸውን መንከባከብ ወይም ንብረታቸውን ማስተዳደር ካልቻሉ፣ ሕጉ ለአእምሮ ሕመምተኞች የሰጠውን ጥበቃ ለራሳቸው ጥቅም ሊጠይቁበት ይችላሉ። ልብ ይበሉ፤ መስማት የማይችል ሁሉ ችሎታ የለውም አላለም። ጋሻ ነው የሰጣት። ጋሻው የእትዬ ነው፤ ወንድም አንስቶ ሊመታት አይችልም።

ከዚህ በላይ የጠነከረም አለ። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) መሠረት የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። የዚህ ስምምነት አንቀጽ 12፣ አካል ጉዳተኞች ንብረት የማፍራት፣ የመውረስና የራሳቸውን ገንዘብ የማስተዳደር እኩል መብት እንዳላቸው ይናገራል። ስምምነቱ የሚለው አንድ ሰው ለመወሰን እገዛ ካስፈለገው እገዛውን አቅርቡለት ነው። ውሳኔውን ንጠቁት አይልም። ማመልከቻችሁ ላይ ይህን አንቀጽ በስሙ ጥቀሱት። ጎንደርም ይሁን ሌላ ቦታ፣ ብዙ ማመልከቻ ላይ ተረስቶ ስለሚቀር ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ።

ወንድሞችዎ "ስጦታ" ብለው ማጻፋቸው ራሱ ለእናንተ ጥሩ ነው። በቁጥር 2443 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ፣ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜን ሥርዓት ተከትሎ ካልተደረገ አይጸናም። ያ ሥርዓት ደግሞ በቁጥር 881 እና 882 ላይ አለ። ጽሑፉ በሰጪውና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ መነበቡም እዚያው ላይ ይጻፋል። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ሲሆን ብቻ ነው ሁለት ምስክር የሚበቃው። እናንተ ጋ ያሉት ሁለት ጎረቤቶች ናቸው።

መነበቡንስ እንዴት እንየው? መስማት ለማትችል፣ ፊደልም ላልቆጠረች ሴት አንድ ወረቀት ጮክ ተብሎ ቢነበብላት ተነበበ ይባላል? በእኔ እምነት አይባልም። ሕጉ ይነበብ ያለው ሰጪው ምን እየሰጠ እንደሆነ እንዲያውቅ ነው። ለእትዬ ማንበብ ማለት በምታውቀው ምልክት፣ በሚገባት መንገድ ማስረዳት ነው። ይህን ክርክር ፊት ለፊት አንሱት፤ አትፈሩት።

የአውራ ጣቱ ፊርማ ሌላ ችግር አለበት። በቁጥር 1728 መሠረት ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ፊርማ፣ በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት ሬጅስትራር ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ ሰውየውን አያስገድደውም። እትዬ ትምህርት ቤት አልገባችም ብለዋል። ወረቀቱ ቤት ውስጥ፣ ጎረቤት ፊት ብቻ የተደረገ ከሆነ፣ ያ የቀለም አሻራ አያስራትም። "ስጦታ ሳይሆን ሽያጭ ነው" ብለው ቢዞሩም አይረዳቸውም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በቁጥር 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መሆን አለበት።

ይህ ሁሉ ቀርቶ ፎርሙ ተሟልቷል ቢባል እንኳ፣ ምን እንደፈረመች ሳታውቅ መፈረሟ ስህተት ነው። ሆን ብለው አሳስተዋት ከሆነ ማታለል ነው። ሁለቱም ውል ያፈርሳሉ። ግን በቁጥር 1810 መሠረት የማፍረሻው ምክንያት ከቀረ በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ መከሰስ አለበት። እርስዎ አስረድተዋት እውነቱን ካወቀችበት ቀን ጀምሮ ይቆጠራል ሊባል ስለሚችል፣ ያን ቀን ከወዲሁ ማስታወሻ ላይ ያስፍሩት።

"ማን ይሰማታል?" ያሉት ጥያቄ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገርዎ። ከዓመታት በፊት በአንድ ችሎት ተቀምጬ ነበር፤ የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ባለጉዳይዋ እንደ እትዬ መስማት የማትችል ሴት ነች። ከጎኗ ቆሞ "የሚያስተረጉምላት" ተከራካሪዋ የነበረው የገዛ ወንድሟ ነበር። ዳኛው ጠየቁ። ሴትዮዋ እጆቿን አነሳች። ጣቶቿን ቆጠረች፣ ወደ መሬት ጠቆመች፣ እጇን በአንገቷ ዙሪያ አዞረች፣ እንደገና ቆጠረች። ረጅም ነገር ነው የተናገረችው። ወንድሟ ወደ ዳኛው ዞሮ "እሺ ብላለች" አለ። ሁለት ቃል። እንደዚያው ተመዘገበ። እኔ ባለጉዳይ አልነበርኩም፤ ዝም አልኩ። ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ይህን አጥብቀው ይያዙ፦ ከጉዳዩ ጥቅም ያለው ሰው አስተርጓሚ መሆን የለበትም። ወንድሞችዎ ብቻ አይደሉም። ይቅርታ ያድርጉልኝና እርስዎም ወራሽ ነዎት። እትዬን ከማንም በላይ ቢረዷትም፣ ብቻዎን ካስተረጎሙላት ወንድሞችዎ "ያልሽውን ነው የምትለው" ይላሉ፤ ዳኛውም ይጠራጠራል።

መብቱ ከየት ይመጣል? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው ጉዳዩን ለፍርድ ቤት የማቅረብና ፍርድ የማግኘት መብት አለው ይላል። አንቀጽ 20(7) የተከሰሰ ሰው ችሎቱ የሚካሄድበትን ቋንቋ ካልተረዳ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይመደብለታል ይላል። የእናንተ ጉዳይ የፍትሐ ብሔር ስለሆነ 20(7) በቀጥታ አይነካችሁም። የስምምነቱ አንቀጽ 13 ግን ለማንኛውም የፍርድ ሂደት ነው፤ አካል ጉዳተኞች ፍትሕ እንዲያገኙ ሥርዓቱ ራሱ እንዲመቻችላቸው ያዛል። አስተርጓሚ መመደብ ከዚያ ውስጥ ዋናው ነው። በጽሑፍ ጠይቁ። በቃል የተጠየቀ ነገር መዝገብ ላይ አይቀርም።

እዚህ ላይ አንድ የተግባር ችግር አለ። እትዬ የምትጠቀመው ቤት ውስጥ የተፈጠረ ምልክት ነው፤ ትምህርት ቤት የሚማሩት የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ አይደለም። የሰለጠነ አስተርጓሚ ቢመጣ እንኳ መጀመሪያ ላይ ላይግባቡ ይችላሉ። መፍትሔው ሁለት ሰው ማቆም ነው። አንዱ ራሱ መስማት የተሳነውና ምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው፣ ሌላው አስተርጓሚ። መስማት የተሳናቸው ሰዎች የቤት ምልክትን ከእኛ በጣም ፈጥነው ይይዛሉ፤ ከእትዬ የተረዳውን በምልክት ቋንቋ ይነግረዋል፣ አስተርጓሚው ለችሎቱ ይናገራል። እንዲህ ያሉ ሰዎችን ለማግኘት የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበርን፣ ወይም እዚያው ከተማችሁ መስማት የተሳናቸውን ተማሪዎች የሚያስተምሩ መምህራንን ጠይቁ። ከችሎቱ በፊት ሁለት ሦስት ቀን ከእትዬ ጋር ቁጭ ብለው እንዲላመዱ አድርጉ። እርስዎ የምልክቶቿን ትርጉም ያስረዷቸው፤ በችሎት ግን እነሱ ይናገሩ።

ወደ ሞግዚትነቱ ልመለስ። ሕጉ "በፍርድ መከልከል" የሚለው ነገር አለ፤ ፍርድ ቤት አንድን ሰው በራሱ ጉዳይ እንዳይወስን ከልክሎ ሞግዚት ሲሾምለት ማለት ነው። በቁጥር 352 መሠረት ራሷ፣ የትዳር ጓደኛ፣ ዘመድ ወይም ዐቃቤ ሕግ ማመልከት ይችላሉ። ስለዚህ ወንድምዎ ማመልከት አይችልም ብዬ አልዋሽዎትም። ማመልከትና ማግኘት ግን ለየቅል ናቸው። ተቃውሞ አስገቡ። ዳኛው እትዬን ራሷን አቅርቦ እንዲያያት ጠይቁ። ድርሻዋን በወረቀት የወሰደ ሰው ንብረቷን ልጠብቅላት ሲል የጥቅም ግጭት አለበት፤ ያን ወረቀት ራሱን ማስረጃ አድርጋችሁ አያይዙት።

ደግሞ እስቲ ያስቡ። እትዬ ገበያ ትወጣለች? ብር ትቆጥራለች? መልስ ጎድሎባት ከነጋዴ ተጣልታ ታውቃለች? ዕቁብ ትጥላለች? ጤፍ ስታስፈጭ ወፍጮ ቤቱን ታምናለች ወይስ ቆማ ታስመዝናለች? እነዚህን አንድ በአንድ ይጻፉና የሚያውቁ ጎረቤቶች ይመስክሩ። ለዳኛ ከሐኪም ወረቀት እኩል፣ አንዳንዴም በላይ ይናገራሉ።

ስለ ጊዜው። በቁጥር 1000 መሠረት የወራሽነት ጥያቄ፣ ከሳሹ መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀ ከሦስት ዓመት በኋላ በይርጋ ይታገዳል። አባታችሁ ካረፉ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው ካሉ "ገና ነው" ብላችሁ አትቀመጡ። ወንድሞችዎ የወራሽነት ማረጋገጫ አውጥተው እንደሆነ ፍርድ ቤት ጠይቁ፤ እትዬ ካልተካተተች እንዲሰረዝ ማመልከት ይቻላል። በዚያው ቀን፣ ክርክሩ እስኪያልቅ ቤቱ እንዳይሸጥና ስሙ እንዳይዛወር በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 እግድ ጠይቁና ትእዛዙን ማዘጋጃ ቤት አድርሱ።

የዳኝነት መክፈያ ከሌላት በደሃ ደንብ እንድትከስ ማመልከት ትችላለች፤ የዚሁ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 467 እና ተከታዮቹ ናቸው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ለአቅመ ደካሞች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። እዚያ ሄዳችሁ ጉዳዩን ንገሯቸው።

የሆቴሉ ነገር ልክ አይደለም። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000፣ ሥራው በባሕርዩ ካልከለከለ በቀር፣ በአካል ጉዳት ምክንያት ሰውን ከቅጥር ማግለልን ይከለክላል። ልብስ ለማጠብ ጆሮ አያስፈልግም። አዋጁ አሠሪው የሥራ ቦታውን እንዲያመቻችም ያስገድደዋል። ከሁሉ የሚጠቅማችሁ ግን የማስረዳት ሸክሙ ነው፤ ተገለልኩ ብላ ስትከስ አድልዎ አለመሆኑን ማስረዳት ያለበት ሆቴሉ ነው። "መስማት የማትችል አንቀጥርም" ያላትን ሰው፣ ቀኑንና በቦታው የነበረ ሰው ካለ ስሙን ይመዝግቡ።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሕግ ድጋፉ ስትሄዱ እትዬን ቤት ትታችኋት አትሂዱ። የቤቱን ፎቶ፣ የአባታችሁን ፎቶ፣ የአራታችሁንም ልጆች ፎቶ ያዙላት። ባለሙያው ሲጠይቅ መጀመሪያ እሷን ይመልከት፤ ጥያቄው ወደ እርስዎ ከዞረ "እሷን ይጠይቋት" ይበሉት።