ጆሮው ደህና ነው፤ ታዲያ ለምን አይሰማም?
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤዎች የተማከሩ ይመስል ስለ ጆሮ ናቸው። እንግዲህ እንሂድባቸው።

ጥያቄ፦ ጆሮዬን በክብሪት እንጨት መጎርጎር ልማዴ ነው። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ይተዉት፤ ኩክ በራሱ ጊዜ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ልጄ ጣና ሲዋኝ ውሎ "ጆሮዬ ተደፈነ" ይላል። ሞቅ ያለ ዘይት ላድርግለት?

መልስ፦ ምንም አያድርጉ። ጆሮውን ወደ ታች አዘንብሎ ይቆይ፣ ውሃው ይወርዳል። ካመመው ወይም መግል ከመጣ ሐኪም ይየው። እኔን ከጆሮው ይልቅ የሚያሳስበኝ ቢልሃርዝያው ነው፤ የሐይቁ ዳር ከዚያ ነጻ አይደለም። የሰገራ ምርመራም ያስደርጉለት።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ ሰፈር የጻፈች እህት ደብዳቤዋ ረጅም ነው፤ አሳጥሬዋለሁ። ባለቤቷ ባጃጅ ሲነዳ ተገልብጦ ጭንቅላቱን ተመታ፣ ታክሞ ዳነ። ቤት ውስጥ ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ ጨዋታው እንደ ድሮው ነው። ገበያ ወይም እድር ላይ ግን የሚሉትን አይሰማም። የመስማት ምርመራ ተደርጎለት "ጤነኛ ነው" ተባለ። ዘመድ አዝማድ "ሲፈልግ ይሰማል" እያለ ያሽሟጥጠዋል። ውጭ አገር ነርቭ በኤሌክትሪክ እየነኩ ይህን ያድናሉ ሲባል ሰምታለች፤ ባጃጁን ሽጠን እንሂድ ወይ ትላለች።

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ይህን ለዘመዶቹ አንብቢላቸው፦ ሰውዬው አያስመስልም። ያ ምርመራ የሚሠራው ጸጥ ባለ ክፍል ነው። ማዳመጫ አድርጎ፣ ቀጭን "ቲት" ስትሰማው ምልክት ስጥ ይባላል። ጆሮ ትንሽ ድምፅ መቀበሉን ይለካል እንጂ ከአሥር ድምፅ መሃል አንዱን ለይቶ መያዙን አይጠይቅም። መለየት የአንጎል ሥራ ነው። ከሁለቱ ጆሮ የመጣውን ያነጻጽራል፣ የማይፈልገውን ይገፋል፣ ያመለጠውን ቃል ከአውዱ ይሞላል። ጭንቅላት ሲመታ አንጎል ውስጥ ያሉት ረጃጅም የነርቭ ክሮች ሊሳቡና ሊጎዱ ስለሚችሉ ጆሮ ሳይነካ ይህ ሥራ ይንገዳገዳል።

ዓሣ ቤት አብራችሁ ስትቀመጡ ልብ ብለሽ እዪው። ዘይቱ ይንጫጫል፣ ጄኔሬተሩ ያጓራል፣ ሦስት ሰው አንዴ ያወራል። ዓይኑን ከተናጋሪው ከንፈር አይነቅልም፤ ሰው ሁሉ ሲስቅ እሱ ትንሽ ዘግይቶ ይስቃል። አስመሳይ እንዲህ አይደክምም።

ወደ ኤሌክትሪኩ ልምጣ። ነርቩ ቬገስ ይባላል፤ ከአንጎል ግንድ ተነስቶ በአንገት በኩል ወደ ልብና ወደ ሆድ ይወርዳል፣ አንድ ትንሽ ቅርንጫፉም የጆሮን ቅርፊት ይነካል። ደረት ላይ ከቆዳ ሥር በሚቀበር መሣሪያና አንገት ላይ ነርቩን በሚይዝ ሽቦ ማነቃቃት አዲስ ነገር አይደለም፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለሚጥል በሽታ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። በ2021 ደግሞ ስትሮክ እጃቸውን ላደከመባቸው ሰዎች ተፈቀደ። ብልሃቱ ያለው ጊዜው ላይ ነው፦ ታካሚው እጁን ለማንሳት በሚታገልበት ቅጽበት ግማሽ ሰከንድ ያህል ነርቩ ይነቃቃል። ያኔ አንጎል ውስጥ ኖርአድሬናሊንና አሴቲልኮሊን የሚባሉ ኬሚካሎች ይለቀቃሉ፤ አንጎል "ይህን ያዘው" የተባለ ያህል ትምህርቱን ያጸናል። ያለ ልምምድ ኤሌክትሪኩ ብቻውን እጅ አያነሳም። በድምፅም እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የአይጦች ጥናት ድምፅንና ማነቃቂያውን አጣምሮ የጆሮ ጩኸት ምልክቶችን መቀነስ ችሏል። ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ በጫጫታ ውስጥ ለሚቸገር ሰው ተመሳሳይ መንገድ ይሞክር የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው። ተስፋ አለው፤ ነገር ግን ገና ምርምር ነው፣ ገንዘብ ከፍሎ የሚገዛ ሕክምና አይደለም። ባጃጁን አትሽጡ።

አሁን የሚቻለው ይኸው ነው። ሰው በተሰበሰበበት ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ የተናጋሪው ፊት በሚታይበት ብርሃን ይቀመጥ። መጀመሪያ ስሙን ጥሪው፣ ከዚያ ተናገሪ። ቴሌቪዥኑን አጥፊ። "ምን አልሽ?" ሲል ድምፅሽን ከፍ ከማድረግ ዓረፍተ ነገሩን ቀይሪው። ጥበበ ግዮን ወይም ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ወስደሽ የጆሮ ሐኪምም የነርቭ ሐኪምም ይዩት፤ "በጫጫታ ውስጥ ንግግር መለየት ያቅተዋል" ብለሽ በቃልሽ ንገሪያቸው፣ አለበለዚያ ያንኑ "ቲት" ደግመው ይመልሱታል። እንቅልፉንና ራስ ምታቱንም አትደብቂ። ባጃጅ መንዳቱን ሐኪሙ ይወስን፤ ጥሩምባ ከየት እንደመጣ የማይለይ ሰው መሪ አይያዝ። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ካስመለሰው ወይም ያልተለመደ ድብታ ከያዘው ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቴሌግራም ላይ የጡንቻ ማነቃቂያ መሣሪያ ገዝቻለሁ። ሻጩ "አንገትህ ላይ ለጥፈው፣ ቬገስን ያነቃቃል፣ ትኩረት ይጨምራል" አለኝ። ልሞክረው?

መልስ፦ አትሞክረው። ልድገመው፦ አትሞክረው! የአንገት ፊትና ጎን ላይ የሚለጠፍ ኤሌክትሪክ የጉሮሮን ጡንቻ ሊያኮማትር፣ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ሊያወርድ ይችላል። በሐኪም የሚቀበረው እንኳ ድምፅ ያጎረንናል፣ ያስላል፤ ያም መጠኑ በባለሙያ እየተለካ ነው። ሻጩ ሐኪም አይደለም። መሣሪያውን መልስለት፤ ካልተቀበለህ፣ ጉልበትህን የሚያምህ ከሆነ ፊዚዮቴራፒስት ጠይቅና ለዚያ ተጠቀምበት።

ጥያቄ፦ አባቴ ቴሌቪዥኑን ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ይከፍቱታል።

መልስ፦ ዕድሜ ይሆናል። የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ያሳዩዋቸው።

ጥያቄ፦ ሰርግ ላይ ከዲጄው ስፒከር አጠገብ አስቀምጠውኝ አመሸሁ። ሌሊቱን ጆሮዬ ሲጮህ አደረ።

መልስ፦ ብዙ ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይሰክናል። አንዱ ጆሮ ግን በድንገት ጭራሽ ካልሰማ "ነገ ይለቀኝ ይሆናል" አይበሉ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂዱ፤ ለድንገተኛ የመስማት መጥፋት የሚሰጠው መድኃኒት ቶሎ ሲጀመር ነው የተሻለ የሚሠራው። በሚቀጥለው ሰርግ ደግሞ ቦታ ቀይሩልኝ ማለት ነውር አይደለም፣ ሙሽራዋ የአክስትዎ ልጅ ብትሆንም።