ሃርፐርስ ፌሪ ማረፍ ወይስ ቤት ደርሶ መመለስ?

እህቴ፣ ከቨርጂኒያዋ ፍሮንት ሮያል ተነስተሽ አፓላቺያን በሚባለው ረጅም የእግር ጉዞ መንገድ ወደ ሰሜን ስትጓዢ ዌስት ቨርጂኒያ ያለችው ሃርፐርስ ፌሪ ላይ አንድ ቀን ልረፍ ወይስ በባቡር ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴ ገብቼ ልመለስ ብለሽ ጠይቀሻል። እዚያው እረፊ።

ፈተናው ባቡሩ ነው። ማርክ የሚባለው የሜሪላንድ ባቡር ከሃርፐርስ ፌሪ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ በቀጥታ ይወስዳል። ይህ የብረንስዊክ መስመር የሚባለው ግን የሚሠራው በሥራ ቀናት ብቻ ነው፤ ጠዋት ወደ ዋሽንግተን፣ ከሰዓት በኋላና ማታ ደግሞ ወደ ምዕራብ። ዓርብ ጠዋት ተሳፍረሽ ቤትሽ ካደርሽ በዚያ ባቡር የምትመለሺው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። እስከዚያ መምጣትሽን ዘመድ ይሰማል፣ ክርስትና ይጠራሻል፣ ቡናው ሦስተኛው ሳይደርስ ሌላ እንግዳ ይገባል። በእኛ ሰው ቤት «ለአንድ ሌሊት ነው የመጣሁት» ብሎ መውጣት ይቻላል እንዴ? አብረውኝ ከተጓዙት መካከል እንዲህ ሄዶ በዚያው የቀረ አለ።

የከተማ ቀን ደግሞ መተኛት ብቻ አይደለም፤ ሥራ ያለበት ቀን ነው። ፖስታ ቤቱን አስቀድሚ፣ እሑድ ዝግ ነውና። ሃርፐርስ ፌሪ ትንሽ ከተማ ናት፤ ሰፊ ገበያ ማድረግ ካስፈለገሽ ቻርልስ ታውን ድረስ በመኪና መሄድ ይኖርብሻል። ስለዚህ በስምሽ «ጀነራል ዴሊቨሪ» (ፖስታ ቤት የሚቆይ) ተብሎ ጥቅል ቀደም ብሎ ይላክልሽ፤ መታወቂያ አሳይተሽ ትወስጃለሽ። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በቅመም የተዘጋጀ ሽሮ በቂ ነው። ጾም ላይ ከሆንሽም ከመንገድ ዳር ምግብ ቤቶች ያድንሻል። ብዙ ግን አትሸከሚ፤ የሜሪላንዱ ክፍል 41 ማይል ገደማ ነው፣ አውራ መንገድም ደጋግሞ ያቋርጣል።

ገላሽን ስትታጠቢ መዥገር ፈልጊ። ብብት፣ ከጉልበት ጀርባ፣ የፀጉር ሥር፣ ወገብሽ ላይ ልብስ የሚያጠብቅበት ቦታ አይቅርብሽ። በዚህ አካባቢ መዥገር የሚያስተላልፈው የላይም በሽታ አለ። እየሰፋ የሚሄድ ሽፍታ ወይም ትኩሳት ካየሽ ጉዞው ይቆይ፣ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ጫማሽን የውስጥ ንጣፉን አውጥተሽ አድርቂው። ካልሲ ማጠብን ለነገ አታሳድሪ።

ከሰዓት በኋላ የመንገዱን ጥበቃ ማኅበር ቢሮ ጎብኚ። ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚያው ከተማ ውስጥ ነው። ከጆርጂያ እስከ ሜይን ያለውን ከ2,190 ማይል በላይ መንገድ ለመጨረስ የተነሱ ተጓዦች ፎቶ ይነሱበታል፤ የድሮዎቹን አልበሞች ማገላበጥ ለእኔ ከማንኛውም ሙዚየም ይበልጥብኛል። ጆን ብራውን እ.ኤ.አ. በ1859 ባሪያዎችን ነፃ ለማውጣት ሲነሳ የመሸገባት ትንሽ ቤትም ከታችኛው ከተማ ናት፤ እግር አታደክምም።

ጉልበቴ አብጧል ያልሽው ግን ያሳስበኛል። ሮለር ኮስተር የሚሉትን 13.5 ማይል ዳገትና ቁልቁለት አልፈሽ ስለምትመጪ መቆጣቱ አይገርምም። በመጀመሪያው ቀን እግርሽን ከፍ አድርገሽ በረዶ ያዢበት። በማግስቱ ጠዋት ሸክም ሳትይዢ ወደ ጀፈርሰን አለት የሚያወጣውን የድንጋይ ደረጃ ውጪና ውረጂ። ስትወርጂ ከወጋሽ ወይም እብጠቱ ካልጎደለ፣ ያኔ በባቡሩ መሄድ ትክክል ነው፤ ዘመድም ቢሰበሰብ ግድ የለም።

ደህና ከሆንሽ በጠዋት በእግረኛ ድልድዩ የፖቶማክን ወንዝ ተሻገሪ። ከዚያ በኋላ በአሮጌው ቦይ ዳር ሦስት ማይል ገደማ ሜዳ ነው፤ ዳገቱ ዌቨርተን ላይ ይጀምራል። እዚያ ስትደርሺ ጉልበትሽ ካስቸገረሽ አትውጪ፤ በዚያው በቦዩ ዳር ወደ ምሥራቅ ብትቀጥዪ ብረንስዊክ ጣቢያ ትደርሻለሽ። የሥራ ቀን መሆኑንና የጠዋቱ ባቡር አለማለፉን ግን አረጋግጪ።