ሚኒባሱን ከካርቶን ሥሪው፣ ክብደቱን ወደ ኋላ አድርጊው

የልጅሽን የፓይንዉድ ደርቢ (ልጆች ትንንሽ የእንጨት መኪና ሠርተው በቁልቁለት መስመር የሚወዳደሩበት) መኪና የአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ለማስመሰል ሌላ እንጨት ስትደርቢበት ከብዶብሻል። የደረብሽውን እንጨት አንሺው። ከኪቱ (ከመሥሪያ ጥቅሉ) ጋር የመጣው እንጨት ወለል ብቻ ይሁን፤ አካሉን ከሲሪያል ካርቶን ሥሪው።

1. ካርቶኑን ውስጡ ባዶ ሳጥን አድርገሽ በኮላ ለጥፊው። ጎማ እንዳይነካ ከእንጨቱ ጎን አይውጣ። የኋላ በሩን እንዲከፈት ተዪው።

2. መስኮቱ ጥቁር ፕላስተር፣ ጣሪያ ላይ ያለው ዕቃ መጫኛ ስቴኪኒ ይሁን። ከዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ትንሽ ቢጫ ጀሪካን ቆርጣችሁ ብትጭኑበት ያገር ሰው ወዲያው ያውቀዋል። ይህንን ለልጁ ተዪለት፤ ደስታው እዚህ ላይ ነው።

3. ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ጎማውንና ጎማ የሚይዘውን ሚስማር ጨምረሽ በኩሽና ሚዛን መዝኚው። የተለመደው ከፍተኛ ክብደት 5 ኦውንስ ነው፤ 141 ግራም ገደማ። የጎደለውን በአሜሪካ ባለ 5 ሳንቲም ሙዪው፤ አንዱ 5 ግራም ይመዝናል። ሳንቲሞቹን ከኋላ ጎማዎች ትንሽ ቀደም ብለሽ ለጥፊ። ክብደቱ ወደ ኋላ ሲሆን ከቁልቁለቱ ከፍ ብሎ ስለሚነሳ መኪናውን ረዘም ላለ ርቀት ይገፋዋል። ከኋላ ጎማዎች ካለፈ ግን የፊቱ ይነሳና ከመስመር ይወጣል።

ከልምድ የምነግርሽ፦ የቤትሽ ሚዛንና የውድድሩ ሚዛን ብዙ ጊዜ አይስማሙም። የመጨረሻዋን ሳንቲም በኮላ አትለጥፊያት። በፕላስተር ጠበቅ አድርገሽ እሰሪያት፤ ክብደቱ ከበለጠ፣ በኋላው በር በኩል ታወጫታለሽ። የጣሪያውን ከፍታም ቀድመሽ አዘጋጆቹን ጠይቂ፤ መጨረሻው መስመር ላይ ያለው የሰዓት መቁጠሪያ ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላል።