የሊኑክስ ኮምፒውተር ብልሽትን ስለ መለየትና ስለ ማሳወቅ፤ ጥያቄና መልስ

የሊኑክስ ተጠቃሚዎች ስብስባችን አባላት ስለ ሃርድዌርና ስለ ዴስክቶፕ ችግሮች ላቀረቧቸው ጥያቄዎች ከዚህ በታች መልስ እሰጣለሁ። አብዛኞቹ ጠያቂዎች «ሊኑክስ አስቸገረኝ» ብለው ይጀምራሉ፤ ነገር ግን ጥፋቱ ከዕቃው፣ ከፈርምዌሩ (ዕቃው ራሱ ውስጥ ከሚሠራው ፕሮግራም)፣ ከከርነሉ (ዕቃዎቹን ከሚያዘው የሊኑክስ እምብርት) ወይም ከዴስክቶፑ (መስኮቶችንና ምናሌዎችን ከሚያሳየው ክፍል) መሆኑ ካልተለየ ሪፖርቱ ለማን እንደሚጻፍ እንኳ ማወቅ አይቻልም።

ጥያቄ፦ የላፕቶፔን ክዳን ዘግቼ መልሼ ስከፍተው ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ማጥፊያውን ተጭኜ ከመያዝ ሌላ መላ አላገኘሁም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ አስቀድመው ማሽኑ ጨርሶ ቆሞ እንደሆነ ወይም ስክሪኑ ብቻ አልመለስ ብሎ እንደሆነ ይለዩ። ካፕስ ሎክን ሲጫኑ መብራቱ የሚበራና የሚጠፋ ከሆነ ከርነሉ እየሠራ ነው። ኮንትሮል፣ አልት እና ኤፍ 3ን አንድ ላይ ሲጫኑ ጥቁር የጽሑፍ መግቢያ ከመጣልዎ ደግሞ የግራፊክስ ድራይቨሩ (ስክሪኑን የሚያሠራው የከርነል ክፍል) ቢያንስ በከፊል ነቅቷልና ጥርጣሬው ወደ ዴስክቶፑ ያዘነብላል። ሁለቱም ካልሠሩ በግድ ከማጥፋትዎ በፊት አልትን እና ፕሪንት ስክሪንን እንደያዙ ኤስ፣ ዩ እና ቢን በየተራ፣ በመካከላቸው ጥቂት እየቆዩ ይጫኑ፤ የመጀመሪያው ያልተጻፈውን ወደ ዲስክ ይጽፋል፣ ሁለተኛው ዲስኩን ለንባብ ብቻ ያደርገዋል፣ ሦስተኛው ማሽኑን ዳግም ያስነሳል። ኡቡንቱ እነዚህን ሦስቱን ሳይከለክል ይፈቅዳል።

ማሽኑ ሲነሳ ጆርናልሲቲኤል የሚለውን ትዕዛዝ ከሰረዝ ቢ እና ከሰረዝ 1 ጋር ቢጽፉ ማሽኑ ባለፈው በርቶ ሳለ የተጻፈውን ሎግ (የክስተቶች መዝገብ) ያገኛሉ። የመጨረሻዎቹን መስመሮች ይመልከቱ፦ «ፒኤም፦ ሰስፔንድ ኢንትሪ» ከሚለው በኋላ ምንም ካልተጻፈ ማሽኑ የተሰናከለው ሲተኛ ወይም ገና ሲነቃ ነው። በሲስ ማህደር፣ ፓወር በሚለው ሥር የሚገኘው ሜም ስሊፕ የተባለ ፋይል ደግሞ ማሽንዎ የትኞቹን የእንቅልፍ ዓይነቶች እንደሚያውቅ ይነግርዎታል፤ በቅንፍ የታጠረው አሁን በሥራ ላይ ያለው ነው። «ዲፕ» (ጥልቅ እንቅልፍ) የሚለውም ካለ ሞክሩት። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ግን ከነጭራሹ ስለማይሰጡት፣ ከሌለ መፈለጉ ድካም ነው።

ጥያቄ፦ ሊኑክስን ከጫንኩ በኋላ ዋይፋይ የሚባል ነገር አይታየኝም።

መልስ፦ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው የላፕቶፑ ስም ብዙ አይጠቅምም፤ የሚፈለገው የቺፑ ማንነት ነው። ኤልኤስፒሲአይ የሚለውን ትዕዛዝ ከሰረዝ፣ ሁለት ኤን እና ኬ ጋር ሲጽፉ የእያንዳንዱ ዕቃ መለያ ቁጥርና የያዘው ድራይቨር ይወጣል፤ የኢንቴል ዕቃዎች ለምሳሌ 8086 በሚል ይጀምራሉ። የድራይቨር ስም የሚያሳየው መስመር ከሌለ ከርነሉ ዕቃውን አላወቀውም። ድራይቨር ኖሮት ዋይፋዩ የማይሠራ ከሆነ የከርነሉን መልእክቶች በሚያሳየው ዲሜሴጅ በተባለው ትዕዛዝ ውስጥ «ፈርምዌር» የሚለውን ቃል ይፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ የጎደለው ያ ፋይል ነው። እሱን ለማውረድ ኢንተርኔት ስለሚያስፈልግ ስልክዎን በዩኤስቢ ገመድ ማገናኘት ይበቃል።

ጥያቄ፦ ዊንዶውስና ሊኑክስ አብረው አሉኝ፤ ከሊኑክስ ስመለስ የዊንዶውሱ ሰዓት በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ይላል።

መልስ፦ ይህ ብልሽት ስላልሆነ ሪፖርት አያስፈልገውም። ሊኑክስ በማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ይሞላዋል፤ ዊንዶውስ ግን የአገሩ ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል፤ የኢትዮጵያ ሰዓት ደግሞ ከዓለም አቀፉ በ3 ሰዓት ይቀድማል። (ከእኛ አቆጣጠር ጋር ያለው የ6 ሰዓት ልዩነት እዚህ ውስጥ እጁ የለበትም።) በዊንዶውስ ሬጅስትሪ ውስጥ ሪልታይምኢዝዩኒቨርሳል የሚባል እሴት ፈጥሮ 1 ማድረግ ይፈታዋል። ቀኑ በየጊዜው ብዙ ዓመት ወደ ኋላ የሚሄድ ከሆነ ግን የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቋል።

ጥያቄ፦ ሪፖርት የት እና እንዴት ይጻፋል? የጻፍኩት ያለ መልስ ቀረ።

መልስ፦ በኡቡንቱ «ኡቡንቱ ሰረዝ ባግ ሊኑክስ» የሚለው ትዕዛዝ የከርነሉን ሎግ ራሱ ሰብስቦ ላውንችፓድ በተባለው የኡቡንቱ የብልሽት ማሳወቂያ ድረ ገጽ ላይ ይከፍትልዎታል፤ በዴቢያን ሪፖርትባግ አለ፤ ፌዶራ ባግዚላ ይጠቀማል። ጥፋቱ የግኖም (የኡቡንቱና የፌዶራ የተለመደ ዴስክቶፕ) መሆኑን ካረጋገጡ የግኖም ጊትላብ ይቀርባል። ወደ ከርነል አዘጋጆች የሚሄዱ ከሆነ በፕሮክ ማህደር፣ በሲስና በከርነል ሥር ያለው ቴንትድ («የተበከለ») የተባለ ፋይል 0 ማለቱን ይመልከቱ፤ የኤንቪዲያ ዝግ ድራይቨር ከተጫነ ቁጥሩ ከ0 ይበልጣል፣ አዘጋጆቹም መጀመሪያ ያንን አስወግደው እንዲሞክሩ ይጠይቁዎታል።

ርዕሱ «ድምፅ አይሠራም» ከሆነ አንባቢው ያልፈዋል። «ከርነሉ ከ6.8 ወደ 6.11 ካደገ ወዲህ ላፕቶፑ ከእንቅልፍ ሲነቃ የኤችዲኤምአይ ድምፅ ይጠፋል» የሚለው ግን መቼ እንደጀመረ፣ በምን እንደሚነሳና ምን እንደሚጠፋ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል። ይህን ለማወቅ ሲበራ በሚመጣው ግረብ ምናሌ አሮጌውን ከርነል መርጦ ማስነሳት ብቻ ይጠይቃል፤ በእኔ ግምት ከማንኛውም ረጅም ማብራሪያ ይልቅ ሪፖርትን የሚያስነብበው ይህ ሙከራ ነው። በሁለቱ መካከል 10,000 ለውጦች ቢኖሩ እንኳ ጊት ባይሴክት በተባለው መሣሪያ መሃል ለመሃል እየከፈሉ በ14 ያህል ሙከራ ጥፋተኛውን ለውጥ ማግኘት ይቻላል። ሎጉን በስልክ ፎቶ አንስተው ሳይሆን በጽሑፍ ፋይል ያያይዙ፤ ከማያያዝዎ በፊት ግን የተጠቃሚ ስምዎን፣ የዋይፋይ ስሞችንና የዕቃ መለያ ቁጥሮችን ይፈትሹ። ሁለት ችግር ካለ ሁለት ሪፖርት ይጻፉ።

ጥያቄ፦ አንድ ቀን ብራውዘሩ፣ ሌላ ቀን የፋይል ማሳያው ይዘጋብኛል፤ ለየትኛው ላሳውቅ?

መልስ፦ ለጊዜው ለየትኛውም አያሳውቁ። የማይዛመዱ ፕሮግራሞች በተራ ሲወድቁ ራሙ ይጠረጠራል፤ ሜምቴስት 86 ፕላስን በፍላሽ ጭነው ሌሊቱን ያሳድሩት። አንድ ስህተት እንኳ ካወጣ ራሞቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ የትኛው እንደሆነ ይለዩ።