ኳስ ብቻ የሚጫወተው ተማሪዬ ጉልበቱን አመመው

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ፣ ጅማ የስፖርት መምህር ነኝ። አንድ የ13 ዓመት ተማሪዬ ከእኛ ቡድን ሌላ የታዳጊዎች ኳስ ፕሮጀክት ውስጥም ይሰራል፣ ዓመቱን ሙሉ ኳስ ብቻ፣ አሁን ከጉልበቱ ሎሚ ዝቅ ብሎ አብጦ ደረጃ ሲወጣ ያነክሳል። ያለኝ በረዶና ፋሻ ነው፣ አባቱ ደግሞ አሽተህ አሰልፈው ይለኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መምህር፣ እባክህ እንዳታሸው! በዚህ እድሜ አጥንት ቶሎ ስለሚያድግ የጭን ጡንቻ ጅማት የሚያያዝበት ቦታ ገና ለስላሳ ነው፣ ሩጫና ምት ሲደጋገምበት ይቆጣል፣ ኦስጉድ ሽላተር የሚሉት ሊሆን ይችላል ግን ሐኪም ይየው። እስከዛ በረዶውን በጨርቅ ጠቅልለህ ያዝለት፣ አታሰልፈው።

አሜሪካ ብዙ ትምህርት ቤት የስፖርተኛ ተማሪዎችን ጉዳት ለማየት የተማረ ባለሙያ አለው፣ እነሱም የሚቸገሩት እንዳንተ ነው፣ ልጁ ውጪ ስንት ሰዓት እንደሚሰራ አያዩም፣ እነሱ ጋ የሚመጣው ካመመው በኋላ ነው። ስለዚህ ከፕሮጀክት አሰልጣኙ ጋር ተገናኙና የሁለታችሁን ሰዓት አንድ ደብተር ላይ ጻፉ፣ ሲሻለው በሳምንት ከ13 ሰዓት አይለፍ (ሰዓቱ ከእድሜው ቁጥር አይብለጥ ማለት ነው)፣ 1 ወይም 2 ቀን ይረፍ፣ በዓመት ደግሞ 2 ወይም 3 ወር ከኳስ ይራቅ፣ ክረምት ላይ ሜዳው ጭቃ ሲሆን ጥሩ ነው። አባቱን ሐኪም ጋ አብሮ እንዲሄድ ለምነው፣ ከሐኪሙ አፍ ይስማው።