ጓሮዬ አበባ በአበባ ነው፣ ወፍ ግን የለም

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ጓሮዬ ውስጥ አበባ ስተክል ነው የከረምኩት፣ ጽጌረዳው አለ፣ ድርብርቡ ዳህሊያ አለ፣ ሳሩ በየሳምንቱ ይታጨዳል፣ የጠወለገ አበባ እንኳን አያድርም ወዲያው ነው የምቆርጠው፣ ተባይ እንዳይበላብኝም ቶሎ ቶሎ መድኃኒት እረጫለሁ። ይሄን ሁሉ የምለፋው ጠዋት በወፍ ዝማሬ ልነቃ ብዬ ነበር፣ ግን ቃል በቃል ወፍ የለም! ሌላ ዓይነት አበባ ልጨምር ወይስ ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሳቄን ይቅር በይኝና መልሱን እኮ ራስሽ ጽፈሽዋል። ጓሮሽ ለሰው ዓይን ጽድት ብሏል፣ ለወፍ ግን ገበታው ሳይበላ የተነሳበት ቤት ነው።

ከመርጫው እንጀምር። ዘር ለቃሚዎቹ ሳይቀሩ አብዛኞቹ ዘማሪ ወፎች ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት በትልና በነፍሳት ነው። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ቺካዲ የምትባል 11 ግራም እንኳን በቅጡ የማትሞላ ወፍ አለች፣ እሷና ባሏ አንድ ዙር ጫጩት አሳድገው እስኪያበሩ ድረስ ከ6,000 እስከ 9,000 አባጨጓሬ ያመላልሳሉ፣ ታዲያ አንቺ አባጨጓሬውን በመድኃኒት ስትፈጂው ወፏ ምን ልትሰራ ትመጣለች? ቅጠልሽ ትንሽ ቢበሳሳ ቻይው በቃ፣ ወፎቹ ከመጡ ተባዩን ራሳቸው ይቀንሱልሻል።

ሁለተኛው መቀሱ ነው። የጠወለገው አበባ ለኛ ቆሻሻ ይመስለናል እንጂ ለወፍ ቀለቡ ያለው እሱ ውስጥ ነው፣ ሱፍ፣ ዚኒያ፣ ኮስሞስ ምናምን ተክለሽ አበባው ሲያልቅ ሳትነኪው ግንዱ ላይ እንዳለ ይድረቅ፣ ያኔ ትንንሾቹ ወፎች ራሱ ላይ ተንጠልጥለው ዘሩን ሲፈለፍሉ ታያለሽ (ጎረቤት ሰነፍ ናት ቢልሽ ምን ቸገረሽ)። ስትገዢ ደግሞ ድርብርቡን ሳይሆን ነጠላውን ምረጪ፣ ድርብርቡ ላይ ብዙ ጊዜ ዘርና ወለላ መስጠት የነበረበት ክፍል ወደ ፔታልነት (ባለቀለሙ የአበባ ቅጠል ማለት ነው) ተቀይሮ ነው እንደዛ የሚያምረው፣ ስለዚህ ለወፍም ለንብም እምብዛም አይሆንም። ዳህሊያሽን ንቀዪው አላልኩም፣ ጎኑ ነጠላ ጨምሪበት ነው ያልኩት። ካገኘሽ ደግሞ የአካባቢሽን አገር በቀል አበባ አስቀድሚ፣ ነፍሳቱም የሚለምዱት እሱን ነው።

መደበቂያም ያስፈልጋቸዋል፣ ወፍ ወለል ብሎ የታጨደ ሳር መሀል ማረፍ አትወድም፣ ስለዚህ አንድ ጥግ ላይ ቁጥቋጦው እንደፈለገ ይደግ፣ ስሩ የረገፈውንም ቅጠል አትጥረጊው። ውሃ በሰፊ ሳህን አድርጊላቸው፣ ጥልቀቱ ከ5 ሴ.ሜ አይብለጥ፣ መቆሚያ ድንጋይ ጣል አድርጊበት፣ ወባ ትንኝ እንዳይፈለፈልበት በየሁለት ቀኑ ቀይሪው። ድመት ካለ ሳህኑን ቁጥቋጦው ስር አታስጠጊው፣ ሁለት ሶስት ሜትር ራቅ ይበል፣ አለበለዚያ ወፍ ሳይሆን ድመት ነው የጋበዝሽው።

ጥያቄ፦ እኔ ጋ ወለላ የሚመጥጡት ረዥም ምንቃር ያላቸው ወፎች አሉ። ማር በውሃ በጥብጬ ቀይ ቀለም ጨምሬ ባስቀምጥላቸው ይጎዳቸዋል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማሩንም ቀለሙንም ተወው። በውሃ የተበጠበጠ ማር ቶሎ ይፈላል፣ ሻጋታም ያበቅላል፣ ያ ደግሞ ያሳምማቸዋል፣ ቀለሙም ለነሱ ምንም አይጠቅምም፣ ቀይ ካስፈለገ እቃው ራሱ ቀይ ይሁን። ተራ ነጭ ስኳር 1 እጅ ለ4 እጅ ውሃ በቂ ነው፣ ሙቀት ሲሆን ግን በየሁለት ቀኑ ደፍተህ እቃውን ማጠብ አለብህ፣ ይሄ ከታከተህ ሳልቪያ ወይ እሬት ትከልላቸው፣ እሱ እቃ እጠቡኝ አይልም።